ስቴንት ከገባላቸው ሰባት ወር ሆኗቸዋል፤ ክሎፒዶግሬሉን ማቆም ይችላሉ?

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት አባቴ ከሰባት ወር በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ገጥሟቸው አዲስ አበባ ላይ ስቴንት (በልብ የደም ሥር ውስጥ የሚገባ ሽቦ) ገባላቸው። ከዚያ ወዲህ ደም ማቅጠኛዎቹን አስፕሪን 81 እና ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊግራም፣ የኮሌስትሮሉን አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ የልብ ምት የሚያረጋጋውን ሜቶፕሮሎልም ይወስዳሉ። ሰሞኑን መንጋጋ ሊያስነቅሉ የሄዱበት ክሊኒክ «ደም ማቅጠኛዎቹን ለአንድ ሳምንት አቁመው ይምጡ» ሲላቸው ሰበብ አገኙና፣ «ሽቦው ገብቶልኝ የለም እንዴ፣ ይህ ሁሉ ኪኒን ለምኔ ነው?» እያሉ ክሎፒዶግሬሉን ጨርሶ ለመተው ተነሥተዋል። ጨጓራቸውንም ስለሚያቃጥላቸው ከሰፈር ፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛሉ። ምን ላድርግ?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ሐረር)

የልብ ሐኪማቸው ሳያውቁ አንዱንም እንዳያቋርጡ። ስቴንት የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ ነው፤ የሥሩ የውስጥ ሽፋን ብረቱን ቀስ በቀስ እስኪያለብሰው ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ከረጋ ደግሞ ሥሩ በድንገት ይዘጋል። ስለዚህ እንደ አባትዎ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለገጠመው ሰው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በአንድነት የሚሰጡት በተለምዶ ለ12 ወር ነው። ያለ ድንገተኛ ሕመም፣ በቀጠሮ ለገባለት ሰው 6 ወር ሊበቃ ይችላል፤ የመድማት ስጋት ላለበትም ሐኪሙ ሊያሳጥረው ይችላል። ከዚያ በኋላ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስፕሪኑ፣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። አቶርቫስታቲንም ስቴንት ያልገባባቸውን ሥሮች ጭምር ስለሚጠብቅ «ኮሌስትሮሌ ወርዷል» ተብሎ አይተውም።

ኦሜፕራዞሉን ግን ያስለውጡላቸው። ክሎፒዶግሬል የሚሠራው ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ሲሆን ኦሜፕራዞል ይህንን ለውጥ ያዳክማል፤ በምትኩ ፓንቶፕራዞል እንዲታዘዝላቸው ሐኪሙን ይጠይቁ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታከሙ።

መልስ (የጥርስ ሐኪም፣ ድሬዳዋ)

አንድ ጥርስ ለመንቀል ሁለቱን መድኃኒቶች ማስቆም በአብዛኛው አያስፈልግም። ደሙ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል እንጂ ጎዝ ነክሶ በመያዝና ቦታውን በመስፋት የምንቆጣጠረው ነው። ጥርሱ የሚታገሥ ከሆነ 12 ወሩ እስኪሞላ ማቆየትም ይቻላል። ከተነቀለ በኋላ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመድማት ስጋቱን ስለሚጨምሩ ይቅሩባቸው።

መልስ (ሳቢያን፣ ስቴንት ከገባልኝ አራተኛ ዓመቴ ነው)

ሐኪሞቹ ያላነሡትን ልጨምር። የድሬን ሙቀት ያውቁታል። እኔ አስፕሪኔን ቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ መስኮት ሥር አስቀምጬ ኖሮ፣ አንድ ቀን ብልቃጡን ስከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ፋርማሲ ወስጄ ሳሳያቸው ኪኒኑ በሙቀትና በእርጥበት መበላሸቱን ነግረው አስጣሉኝ። አሁን ከፀሐይ ርቆ ቤቱ በሚቀዘቅዝበት ጥግ አኖረዋለሁ፤ ዐሥር ፍሬ ሲቀረኝም ሌላ እገዛለሁ፣ የሚጠፋበት ጊዜ አለና።

አባትዎ በርጫ የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ ይህንንም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የልብን ሥርም እንደሚያጠብ ተነግሮኝ ነው የተውኩት፤ ከኪኒኑ ይልቅ የከበደኝ እርሱ ነበር።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልብ ሐኪማቸው ጋ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱም እንዲቀጥሉና ጥርሱ ሳያቋርጡ እንዲነቀል ብለው ለጥርስ ክሊኒኩ ደብዳቤ ጻፉልን፣ የጨጓራውንም ቀየሩላቸው። በርጫውን ግን አባቴ ራሳቸው እንዲነግሯቸው ለቀጠሮው ትቼዋለሁ። የአስፕሪኑን ብልቃጥ ከፍቼ አሽትቼዋለሁ፤ ደህና ነው።