የመውቂያ ማሽን ተሳቢ እየሠራን መሃል ላይ ቆመናል፤ የምታውቁ እርዱን

ሰላም ወገኖች። አርሲ ነው ያለሁት። የስንዴ መውቂያ ማሽናችንን ከማሳ ማሳ የሚያጓጉዝ ተሳቢ ከወንድሜ ጋር ጀምረን ተቸግረናል። ማሽኑ 700 ኪሎ ገደማ ነው፣ የሚጎትተው ትራክተር። አክስሉን (ጎማዎቹ የሚገጠሙበትን ዘንግ) ከአሮጌ ፒካፕ ከነባሌስትራው (ከነሞላው) ገዛን፣ ሻንሲውን (የተሳቢውን አጽም) በቱቦላሬ (በብረት ቱቦ) በየድን፣ አክስሉን ልክ መሃል ላይ አሰርነው። ባዶውን ጥሩ ሄደ። ማሽኑን ስንጭንበት ግን ከባዱ ሞተር ወደ ኋላ ስለሆነ መጎተቻው (ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው የፊት ክንድ) ወደ ላይ ይነሳል፣ ትራክተሩ ትንሽ ፈጠን ሲል ደግሞ የተሳቢው ጅራት ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ቅዳሜ ቁልቁለቱን ወርደን ስናየው የመጎተቻው ብየዳ ፀጉር በምታክል መስመር ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ መንገዱ ላይ ተማሪዎች ይመላለሳሉ።

ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት ይባላል። ታዲያ አክስሉን ወደ ኋላ ልግፋው ወይስ ማሽኑን አዙሬ ሞተሩን ወደ ፊት ላድርገው? ከገፋሁትስ ስንት ሳንቲሜትር? የተሰነጠቀውን ሞርጄ ልበይደው ወይስ ቆርጬ በወፍራም ላሜራ ልቀይረው? ፍሬንም የለውም፣ እሱም ያሳስበኛል። ስንዴው ደርሷል፣ ኅዳር ሳያልቅ መውቃት አለብን። እንዲህ ዓይነት ተሳቢ የሠራችሁ ካላችሁ የተሳቢያችሁን ልክ ጻፉልኝ፣ በእናታችሁ።