ጥቆማ፦ የኩኩ ሰዓቴ ወፍ ድምጿ ጎደለ፣ ሰዓት ሠሪ ጋ ልውሰደው ወይስ ራሴ ልነካካው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሰንሰለት የሚሞላ፣ የጥድ ፍሬ የሚመስሉ ብረቶች የሚንጠለጠሉበት ኩኩ ሰዓት አለኝ። ሰዓቱን በትክክል ይቆጥራል። በሩም ይከፈታል፣ ወፏም ትወጣለች። ግን አንዴ «ኩ» ትልና ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ሰዓት ሠሪ ይሻላል ወይስ አየር እየነፋ ድምጿን የሚያወጣውን ወናፍ ገዝቶ መቀየር?

ጢቅጣቅ፦ ፔንዱለሙን አስተካክል። ዘንጉ ላይ ያለችውን ቅጠል ዝቅ ስታደርጋት ሰዓቱ ይዘገያል፣ ከፍ ስታደርጋት ይፈጥናል።

ጠያቂ፦ ሰዓቱማ ልክ ነው አልኩ እኮ።

ብሎን፦ ሰዓት ሠሪ አታንሱብኝ! የኔን ሰርቪስ አደርጋለሁ ብሎ ወስዶ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ከላይ እስከ ታች አርከፍክፎበት መለሰልኝ። ለጥቂት ጊዜ እንደ ጉድ ሠራ። ከዚያ ስፕሬዩ አቧራ ሰብስቦ ጥርሶቹ መሀል ጥቁር ሙጫ ሆነና ሰዓቱ ቀጥ አለ፣ የወናፉ ወረቀት ሳይቀር ዘይት ጠጥቷል። ስጠይቀው «ዕቃው አርጅቷል» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማርሽ፦ አይፈረድብህም። የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ ነው የሚደረገው፣ ያውም አክሰሎቹ የሚዞሩበት ቀዳዳ ላይ ብቻ። ጥርስም ሰንሰለትም ዘይት አይነካውም።

ደንበኛ፦ አትድከሙ፣ የኔ ሰዓት ሠሪ ጋ ይውሰደው። እጁ ወርቅ ነው።

ማርሽ፦ ኩኩ ሠርቶ ያውቃል?

ደንበኛ፦ እኔ የምወስድለት የእጅ ሰዓት ነው። ግን ሰዓት ሰዓት ነው፣ ደግሞም የስዊዝ ዕቃ አይከብደውም።

ብሎን፦ እንግዲያው የጥርስ ሐኪምህንም ጠቁመን፣ ማርሹም ጥርስ አለው።

ማርሽ፦ ስዊዝም አይደለም። የጀርመን ጥቁር ደን ሥራ ነው። ያ የቤት ቅርፁ እ.ኤ.አ. በ1850 ፍሪድሪኽ አይዘንሎር ከነደፈው የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ቤት የመጣ ነው።

ደንበኛ፦ የትም ይሠራ፣ የኔው ይጠግነዋል።

ሽቦ፦ ሰውዬው የጠየቀው ሌላ። ወንድሜ፣ ውስጡ ሁለት ወናፍና ሁለት ፉጨት አለ፣ አንዱ ቀጭኑን «ኩ» ሌላው ወፍራሙን ያወጣል። መጀመሪያ ፔንዱለሙንና ብረቶቹን አውርድ። ሰንሰለቶቹን ከማሽኑ ሥር በቀጭን ሽቦ እሰራቸው፣ ከጥርሳቸው ካመለጡ መመለሱ ፈተና ነው። ጀርባውን ክፈትና ዝም ያለውን ወናፍ ክዳኑን በጣትህ አንሥተህ ልቀቀው። ከጮኸ ወናፉ ደህና ነው፣ የሚያነሣው ሽቦ ተጣሟል ማለት ነው፣ እሱን ቀስ ብለህ ማቃናት ነው። ካልጮኸ እጥፋቱን በባትሪ እየው። ተቀዶ ከሆነ ወናፉን ብቻ ቀይር፣ ፉጨቱን አትንካ። ከመግዛትህ በፊት የክዳኑን ርዝመትና ስፋት በሚሊሜትር ለካ፣ መጠኑ ይለያያል። ለዚህ ብቻ ሰዓት ሠሪ አያስፈልግም። ማሽኑ ካረጀ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ ያኔ ብዙ ጊዜ ከማስጠገን ሙሉውን መቀየር ይረክሳል።

ጠያቂ፦ ከፍቼ አየሁት፣ የግራው እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። እግዜር ይስጥልኝ።

ሽቦ፦ ታዲያ ራስህ ልትቀይረው ነው?

ደንበኛ፦ የኔን ሰዓት ሠሪ ስልክ በውስጥ ልኬልሃለሁ።