ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ፦ የተመራማሪው ልብ ይመርመር ወይስ ጽሑፉ?

ታዛቢ፦ ወገንተኝነቱ የታወቀ ተመራማሪ የደረሰበትን ድምዳሜ መጣል ይቻላል? እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። በግእዝ የተጻፈው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ የሐተታው ባለቤት ዘርዐ ያዕቆብ፣ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ የገባ ሊቅ መሆኑን ጽሑፉ ራሱ ይናገራል። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ሮሲኒ በኤርትራ የቅኝ አስተዳደር ሹም ነበር፤ ጣሊያን በወረረችን ዓመት በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ልትሠለጥን አትችልም ብሎ ጽፏል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ኢትዮጵያዊ ይፈላሰፋል ብሎ እንዴት ይመን?

የግእዝ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ መንገድህ ግን አያደርስም። የሮሲኒን ልብ ብንበረብር ስለ ብራናው የምናውቀው ነገር አይጨምርም። ሐተታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከጁስቶ እጅ ወደ ብራና ሰብሳቢው ፈረንሳዊ አንትዋን ዳባዲ ደረሰ፤ ከዚያ የሚቀድም ቅጂ አልተገኘም። የጁስቶ የቀድሞ ስምም ያኮፖ ነበር፤ ያዕቆብ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቅኝ ገዥነቱ ብቻ እንለፈው?

ታዛቢ፦ ዘርዐ ያዕቆብ በአገራችን ንጉሥ የነገሠበት ስም ነው። አስቀድሞ የወሰነ ሰው የስም መመሳሰልም ማስረጃ ይሆንለታል።

መምህርት፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ታገሡኝ። ወገንተኝነት ሰውን የግድ ውሸታም አያደርገውም፤ የትኛውን ምስክር ቶሎ እንደሚያምን ግን ይወስናል። ሮሲኒ አንድ የካቶሊክ ካህን ስለ ጁስቶ የተናገሩትን ትልቅ ቦታ ሰጠው። የኢትዮጵያን ፍልስፍና ያጠኑት ክላውድ ሳምነር ደግሞ የጁስቶን ግእዝ ከሐተታው ግእዝ ጋር አነጻጽረው፣ ሚሲዮናዊው ይህን ሊጽፍ አይችልም አሉ። እኛ ሳምነርን ስንጠቅስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አናመነታም፤ የነገሩን የምንወደውን ነውና። እኔ በዚህ ክርክር ከሁሉ በላይ የማከብረው የግእዝ ሊቁን ጌታቸው ኃይሌን ነው። አስቀድመው የጽሑፉን ኢትዮጵያዊነት ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋላ መለስ ብለው መረመሩትና ዋናው ጽሑፍ የኢትዮጵያዊ እንደሆነ፣ የባዕድ እጅም እንደገባበት ጻፉ። ሁለቱንም ወገን የማያስደስት ድምዳሜ ነው፤ እሳቸው ግን አልሸሹትም።

አንባቢ፦ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ስለ ቀዬአችን የድሮ የመሬት ሙግት ሽማግሌዎችን ጠይቄ ነበር። ሁለቱ አያቴ ከሚተርኩት የተለየ ነገር ነገሩኝ። «እርጅና ነው፤ ዘንግተውታል» ብዬ ቃላቸውን ተውኩት። ከአያቴ ጋር የተስማሙት ግን በዕድሜ ይበልጧቸው ነበር፤ እነሱን ዘነጉ አላልኩም። ሆን ብዬ አልዋሸሁም። ፈታኞቹም አልጠየቁኝም፤ የጣልኩት ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረማ። ሁለቱም ሽማግሌዎች አርፈዋል።

የግእዝ ተማሪ፦ ማስታወሻህ በእጅህ ካለ አሁንም አትመው፤ ቃላቸው ተመዝግቦ ይቆይ።

ታዛቢ፦ ስለ ሮሲኒ የ1935 ጽሑፍ ያልኩትን አላነሣም፤ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አንባቢ ማወቅ አለበት። ያ ብቻውን ድምዳሜውን ይጥላል ያልኩትን ግን አንሥቻለሁ። እኔም የተሟገትኩት አማርኛውን ትርጉም ብቻ አንብቤ ነው። የግእዝ ተማሪ፣ የባዕድ እጅ አለበት የምትላቸውን አንቀጾች ከነግእዛቸው አምጣልኝ። ጸሐፊው ከዳዊት መዝሙር የጠቀሳቸውን ካሉበት ስፍራ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ መምህርትም ባሉበት እናንብባቸው።