መድን ካለ የሹፌሩ ቤተሰብ ለምን ካሳ ያዋጣል?

ሐሳቡን ያነሳው፣ ከደብረ ማርቆስ፦ በእኛ አካባቢ መኪና ሰው ገጭቶ ሲገድል ገና አርባው ሳይወጣ ሽማግሌ ይላካል። የሹፌሩ ዘመድ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ካሳ ያዋጣል። መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚክሰው የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ ግን መስታወቱ ላይ ይታያል። እኔ የምለው፣ ካሳው ከመድኑ ይጠየቅ፤ ሹፌሩ በጥፋቱ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ምን ትላላችሁ?

የኢሱዙ ሹፌር፣ ከቡሬ፦ እውነትህን ነው ወንድሜ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ፍሬን ሲግል ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል። የፍሬን ሸራ ይቀየር ስለው «ለዚች ምልልስ ይበቃል» ያለኝ ባለንብረት አለ። አደጋ ቢደርስ ታሳሪው እኔ፣ ካሳ ከፋዩ ዘመዴ። ታዲያ መድኑ ለምን ተገዛ?

ባለንብረት፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ባለንብረትን እንዲህ አትጠቅልሉት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሚይዘው እኔን ነው። መኪናው ካልተሰረቀ በቀር፣ ያልፈቀድኩለት ሰው ቢነዳውም ተጠያቂ ነኝ። መድኑም ጣሪያ አለው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 799 ለሞት ያስቀመጠው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ከኪሴ ነው የሚወጣው።

የተጎጂ እህት፣ ከዳንግላ፦ ሁላችሁም ስለ ብር ብቻ ነው የምታወሩት። እህቴን ባጃጅ ገጭቶ እግሯ ሲሰበር ልጁ አልሸሸም፤ ራሱ አፋፍሶ ሐኪም ቤት አደረሳት። በማግስቱ አባቱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተደፋ። እናቴ ናት ያነሳችው። ቂሙ የወጣልን ያን ጊዜ ነው። መድን ድርጅት የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ አምጡ ይላል እንጂ እግዜር ይማርሽ ብሎ አይመጣም።

የመድን ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን አንድ ጣጣ አለ። የመድን ውሎች በአብዛኛው «ሳታሳውቀን ጥፋተኛ ነኝ አትበል፣ ካሳም አትስማማ» ይላሉ። ሽምግልና የሚጀምረው ደግሞ «አጥፍተናል» በማለት ነው። ሰው ከፍሎ ሲያበቃ ይመጣል፤ ያኔ መድኑ አልተካም ይለዋል። ስለዚህ ስለ ገንዘብ ከመነጋገራችሁ በፊት ለመድኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው እንኳ ለተጎጂ የመድን ፈንድ አለ። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ስንት ነው?

ሐሳቡን ያነሳው፦ ዕርቁን አልነካም። አባትየው ይምጣ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፤ በሬውን ግን አይሽጥ። ደግሞ ዕርቅ ክሱን ይዘጋል ብሎ ማንም እንዳይታለል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት ሰክሮ ወይም አውቆ ደንብ ጥሶ ሰው የገደለ ሹፌር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። መጸጸቱና መካሱ ቅጣት ያቀልለት ይሆናል እንጂ ነፃ አያወጣውም።

የኢሱዙ ሹፌር፦ በዚህ ተስማማን። ግን ሽማግሌ ሲላክ ባለንብረቱም አብሮ ይምጣ። እስካሁን ሲንበረከክ ያየሁት ሹፌሩን ብቻ ነው።

ባለንብረት፦ እመጣለሁ። አንተም መንገድ ላይ በጎን የምትጭነውን ተው። እሱም ፍሬን ያግላል።