ዉፈሩ ያጓራል፣ የከበሮው ምት ግን አይለይም

የማርቆሱ፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ሳሎኔ የብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፤ 5 በ4 ሜትር ይሆናል። ሁለት ረጃጅም ስፒከሮችና አንድ ባለ 10 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) አሉኝ። ሁሉም ከአንድ የሆም ቴአትር አምፕ ጋር ተያይዘዋል። ዉፈሩ ጥግ ላይ፣ ከቡፌው ጎን ነው። የጎጃም ዘፈን ስከፍት ቤቱ በሙሉ ያጓራል፤ የከበሮው ምት ግን አንዱ ካንዱ አይለይም። ሶፋው ሳሎኑ መሃል ነው፤ እዚያ ስቀመጥ የታችኛው ድምፅ ጭራሽ የለም። ጓዳ በር ላይ ስቆም ደግሞ ደረት ይመታል። ባለቤቴ "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የገባነው?" ትለኛለች። አምፑ ላይ ስፒከሮቹ "ላርጅ" ይላሉ፣ ዉፈሩ "ኤልኤፍኢ ፕላስ ሜይን"። ተለቅ ያለ ዉፈር ልግዛ?

ጣና ዳር፦
ወንድም ዓለም፣ ብርህን ያዝ። በዚህ ሴቲንግ ያንኑ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ስፒከሮቹም ዉፈሩም እየተጫወቱት ነው። ከሦስት ቦታ ሲወጣ አንዱ ጋ ይደራረባል፣ ሌላው ጋ ይጠፋፋል።

ስፒከሮቹን "ስሞል" በላቸው። ቁመታቸውን መስደብ አይደለም፤ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ ልቀቁ ማለት ነው። ዉፈሩን "ኤልኤፍኢ" ብቻ አድርገው፤ ስፒከሮቹ የሚጫወቱትን አይደግምም። ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁ ከስፒከሮቹ ወደ ዉፈሩ የሚቆረጥበትን ልክ፣ ከ80 ኸርዝ ጀምር (ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለውን የክሮስኦቨር መዞሪያ እስከ መጨረሻው ክፈተው። አምፑ ቆርጦ፣ ዉፈሩም ደግሞ ከቆረጠ መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል።

የሶፋው ነገር ግን በሴቲንግ አይፈታም። 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ግድግዳ ጋ ይከመራል። ጓዳ በር ላይ የሚመታህ እሱ ነው። የጠፋውን በኢኳላይዘር ልጨምር ብትል አምፑን ከማድከም በቀር ጠብ የሚል ነገር የለም። ሶፋውን አንድ ሜትር ወደ ኋላ ግፋው።

ከዚያ ዉፈሩን አንስተህ ሶፋው ላይ፣ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ አስቀምጠው። ቤዙ የማያቋርጥ ዘፈን ክፈት። አንተ በግድግዳው ሥር እየዳህክ አዳምጥ፤ ጆሮህ ወደ ወለሉ ይጠጋ። ምቱ ጥርት ብሎ የተሰማህ ቦታ የዉፈሩ ቦታ ነው። ልጆች ካሉ ይስቁብሃል፣ ይሳቁ።

የቡሬ ልጅ፦
ያን የሚያህል ስፒከር ገዝቶ "ስሞል" ማለት ግን አንጀት አይበላም? እኔ ብሆን 60 ላይ ነው የምቆርጠው።

ጣና ዳር፦
60ም ያስኬዳል፣ ስፒከሮቹ ከቻሉ። ከ80 በላይ ግን ብዙ አትውጡ፤ ዉፈሩ የት እንዳለ ጆሮ መለየት ይጀምራል።

ፍኖተ ጠጋኝ፦
ሰላም፣ ፍኖተ ሰላም ድምፅ ዕቃ ነው የምጠግነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

ዉፈሩን ቦታ ካስያዛችሁ በኋላ ፌዙን፣ ማለትም የዉፈሩን ምት ከስፒከሮቹ ምት ጋር የሚያገጥመውን ማብሪያ፣ ሞክሩ። አንድ ሰው ሶፋው ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው ማብሪያውን 0 እና 180 ላይ ያቀያይር። ሶፋው ላይ ቤዙ ሞላ ያለበትን ያዙ። አምፑ ማይክ ካለው ራሱ ይለካላችሁ፤ ግን ሲጨርስ ሴቲንጉን ክፈቱና እዩ። ብዙዎቹ ረጃጅም ስፒከር ሲያገኙ "ላርጅ" ብለው ይመልሱታል።

ሌላው ቡፌው ነው። ብዙ ሰው ዉፈሬ ተቀደደ ብሎ ተሸክሞ ይመጣል፤ ስከፍተው ደህና ነው። ቤቱ ሄጄ ሳየው የሚንቀጠቀጠው የቡፌው መስታወት ወይ የኮርኒሱ ቺፕውድ ነው። የማርቆሱ፣ ቤዙ እየመታ መስታወቱን በመዳፍህ ያዝ አድርገው። ድምፁ ከቆመ ከጠርዙ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ሰካ አድርግ።

የማርቆሱ፦
ሶፋውን ገፋሁት፣ "ስሞል"ም አልኩ። ከበሮው ተለየ! መስታወቱም ይንቀጠቀጥ ነበር። ዉፈሩ ጥሩ የሆነው በሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ነው። አሁን ግን ዘፈኑ ሲዘጋም ኡኡኡ የሚል ስስ ድምፅ አለ።

ፍኖተ ጠጋኝ፦
የሲግናሉን ገመድ ከዉፈሩ ንቀለው። ጸጥ ካለ የኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ጉዳይ ነው፤ አምፑንና ዉፈሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። የሲግናሉ ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠላልፎም ከሆነ ለያየው። የኧርዟን እግር ቆርጠህ እንዳትሰካ ብቻ። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ አይጠፋምና አትስማው፣ ሰው ይገድላል።