«ወጣቱ ሥራ ይንቃል»? ማን ነው የናቀው?

የማራኪ ልጅ፦ ትናንት ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «ሥራ ሞልቷል፣ ወጣቱ ነው ሥራ የሚንቀው» አሉ። አንጀቴ አረረ። ስወጣ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ በዲግሪ የተመረቀ የሰፈሬ ልጅ ሊስትሮ ሲሠራ አገኘሁት። ማን ነው የናቀው?

አዘዞ፦ እውነታቸውን ነው እህቴ። እኔ ድንጋይ ጠርቤ ኮብልስቶን አንጥፌ ነው ራሴን የቻልኩት። መዶሻ ይዤ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዙረው የሚያልፉ ጓደኞች ነበሩኝ። መንግሥትስ ምን ያድርግ? በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ብድር የሚውል የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ አቋቁሟል።

ባለብየዳው፦ ከዚያ ብድር እኔም ደርሶኛል። ካልተደራጃችሁ አይሰጥም ተባልን፣ አምስት ሆንን። ብየዳ የምንችለው ሁለታችን ብቻ ነን። ሌሎቹ ቁጥር ለመሙላት ነው የገቡት። ሼድ እስኪሰጠን ስምንት ወር ጠበቅን። ሲሰጠን ማሽን የሚያሠራው ስሪ ፌዝ መብራት የለውም! ማሽኑ ላስቲኩ ሳይቀደድ ተቀመጠ። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ቀረ፣ ሌላው አገር ጥሎ ሄደ። የእነሱ ዕዳ ዛሬ የሚጠየቀው ከእኔ ነው። ይሄ ሥራ መናቅ ነው?

አዘዞ፦ በደረሰብህ አዝናለሁ ወንድሜ። አንተን አላልኩም፣ የሚንቀውን ነው ያልኩት።

የማራኪ ልጅ፦ ሰውየው ግን «ወጣቱ» ነው ያሉት። «አንዳንዱ» አላሉም። እሳቸው ያላሉትን አንተ አትጨምርላቸው።

አስጎብኚ፦ እኔ ፋሲል ግቢ እንግዳ አስጎበኝ ነበር። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ። አሁን ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ንቄ ነው እንዴ? መንገዱ ሰላም ሳይሆን ብድር ብወስድስ ለማን ልሠራበት ነው?

አዘዞ፦ ሰላሙን ወጣቱም ያምጣው እንጂ!

አስጎብኚ፦ ይሄን ከእኔ ጋር አታገናኘው። ሽንኩርት ሻጭ ጦር አላዘዘም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ሲወጣ አስተምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ ስሙን ቀየረ! በ2014 ደግሞ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተባለ። እኔ በየስብሰባው የምሰማው ያው «ይህን ያህል ወጣት ተደራጀ» ነው። ከተደራጀው ስንቱ ዛሬም እየሠራ እንዳለ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ከፋሲል ከተማ ከጎንደር ተመርቆ የሚወጣውን ልጅ ሁሉ ብየዳና ዶሮ እርባታ ላይ አሰልፎ አይሆንም።

አዘዞ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ዲግሪውን ታቅፎ ቢሮ ብቻ የሚጠብቀውን እርስዎም ያውቁታል።

ጡረተኛው መምህር፦ አውቀዋለሁ። አስተምሬዋለሁም። «ተማር፣ ቢሮ ትገባለህ» ያልነው እኛው ነን። ዛሬ በምን አፋችን «ናቅህ» እንበለው?

አዘዞ፦ እኔን ማንም ቢሮ ትገባለህ አላለኝም። መዶሻ ነው ያነሳሁት።

የማራኪ ልጅ፦ አሁንም መዶሻ! ባለብየዳው ማሽን አንስቷል እኮ፣ መብራት ነው ያጣው።

ባለብየዳው፦ ዕዳ ላይ ነኝና ስለ እኔ መጨቃጨቁ ይብቃ። የመብራቱን ነገር የሚነግርልኝ ሰው ነው የምፈልገው።

የማራኪ ልጅ፦ ስብሰባው ሰኞ ይቀጥላል። የውል ወረቀትህን ይዘህ ና፣ አብሬህ እቀመጣለሁ።

አዘዞ፦ እኔም እመጣለሁ። የመብራቱን እደግፋለሁ። ስለ መናቁ ግን እዚያም ይሄንኑ ነው የምናገረው።