የኪሃንሲ ጉርጥ፦ ቱቦ ከተዘረጋለት ይበቃል?

የወንዝ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ስለ ኪሃንሲ ጉርጥ ሲወራ «ግድቡ መብራት ይስጥ፤ ለጉርጡ ቱቦ ከተዘረጋለት ይበቃል» የሚል ተጽፎ አነበብኩ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ያ ፍጥረት በዓለም ላይ የነበረው በታንዛኒያ ኡድዙንግዋ ተራሮች፣ ፏፏቴው የሚረጨው ካፊያ በሚያርሰው ጠባብ ገደል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወንዙ ወደ ተርባይኑ ሲዞር ካፊያው ቀረ። «ይበቃል» የሚባለው በምን ልብ ነው?

ብርሃን ይቅደም፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልመለስም። በጨለማ ክፍል የምታምጥ እናት ካለች እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ። ደግሞም ሰው ሠራሽ መርጫ ተተክሎ በ2003 አጋማሽ ቁጥራቸው 20 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። ቱቦው ሠርቷል።

የወንዝ ልጅ፦ ቀጥሎ የሆነውን ለምን ዘለልከው? ከወራት በኋላ፣ በ2004 መጀመሪያ፣ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2009 ከተፈጥሮ መኖሪያቸው መጥፋታቸው ታወጀ። በቅቷል?

ብርሃን ይቅደም፦ የገደላቸው ካይትሪድ የተባለው ፈንገስ ነው። ይህ በሽታ ግድብ በሌለባቸው ደኖችም እንቁራሪቶችን ፈጅቷል።

ታዛቢ፦ ፈንገሱ መገኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከግድቡ የተለቀቀው ደለልና የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪትም ተጠርጥሯል። አንዱን ብቻ መርጦ መክሰስ ፍርድ አይደለም።

እናት ኤሊ፦ ሁላችሁም የዘነጋችሁት አለ። በ2000 ወደ አሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች የተወሰዱት 499 ጉርጦች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ፍጥረት አይኖርም ነበር። በ2012 ወደ ገደሉ የተመለሱት የእነርሱ ዘሮች ናቸው። የጋላፓጎሷ ኤስፓኞላ ደሴት ኤሊዎችም በ15 ወላጆች ተራብተው ዘራቸው ተርፏል። ማራባትን አትናቁ!

የወንዝ ልጅ፦ የናቀው ማነው? ኤስፓኞላ ላይ እኮ ዕፅዋቱን የጨረሱት ፍየሎች ከደሴቲቱ ተወግደዋል። ኤሊዎቹ ሲመለሱ የሚበሉት ቁልቋል፣ የሚቆሙበት መሬት ጠበቃቸው። ኪሃንሲ ላይ ግን ቤቱ በመርጫ ነው የቆመው፤ መርጫው ሲቆም ቤቱም የለም።

ብርሃን ይቅደም፦ ለአንድ ጉርጥ ስንት ሰው ይጠብቅ?

የወንዝ ልጅ፦ አንድ? በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከ8 ሺህ በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቿን ዝርያዎች መርምሮ 41 በመቶው ለመጥፋት መቃረባቸውን ገልጿል። ዋናው ምክንያትም የመኖሪያ መጥፋት ነው። እያንዳንዱ ገዳይ ግን «ይህ አንድ ብቻ ነው» ይላል።

ብርሃን ይቅደም፦ ገዳይ አልከኝ? እናቶችን በጨለማ የሚያስቀር ሰው ምን ይባላል?

ታዛቢ፦ ስድቡን ተዉት። ጉርጡ የታወቀው በ1996፣ የግድቡ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። ገደሉን ቀድመው ቢያጠኑት ለካፊያው የሚበቃ ውሃ በዕቅዱ ይያዝለት ነበር።

ብርሃን ይቅደም፦ ያ ውሃ ከመብራቱ የሚቀነስ ነው። ስንት ሜጋዋት እንደምትሰጡ ንገሩኝና ያን ጊዜ እንነጋገር።